ስለ ጓሮ መድኃኒት አትክልትና በድርቅ ጊዜ ስለሚረዷቸው የመሬት ረቂቃን ነፍሳት

በአገራችን ልማድ ቤት በተሠራበት ስፍራ ሁሉ ከጓሮው ጥቂት መሬት ለመድኃኒት አትክልት መተው የቆየ ነገር ነው። ጤና አዳም ከደጃፉ፥ ዳማከሴ ከአጥሩ ሥር፥ በሶብላ ከወጥ ቤቱ አጠገብ፥ አብሽም ከጎመኑ መደብ ዳር ይገኛሉ። ይህች መሬት ስፋቷ ከአንድ ምንጣፍ የማትበልጥ ብትሆንም ለቤቱ ሰዎች የምትሰጠው አገልግሎት ቀላል አይደለም። ልጅ በሌሊት ምች ሲመታው፥ ለእንግዳ ቡና ቅጠል ሲፈለግ፥ ለአራሲቱ የአብሽ መጠጥ ሲዘጋጅ፥ የቤቱ እመቤት እጅ የሚዘረጋው ወደዚህችው መደብ ነው። ነገር ግን በደኅናው ዘመን የማናስባት ይህች መሬት ዋጋዋ የሚታወቀው ዝናም የቀረ ጊዜ ነው።

በቅርቡ አንዲት እመቤት በጻፉልን ደብዳቤ የሚከተለውን አስረድተውናል። እናታቸው በእጃቸው ተክለው ያወረሷቸው የመድኃኒት መደብ ነበራቸው። የበልጉ ዝናም ሳይጥል ቢቀር የጓሮው ጉድጓድ ውሃ ጎደለና ለልጆችና ለከብት ብቻ የሚበቃ ሆነ። አትክልተኛው ለዳማከሴው ያዘነ እንደ ሆነ ሰውና ከብት ይጠማል፤ ለሰውና ለከብት ያዘነ እንደ ሆነ ዳማከሴው ይደርቃል። እመቤቲቱም የሚገባውን ፈርደው ውሃውን ለልጆቹ አደረጉት። ከዚህ በኋላ በአንድ ሌሊት ታናሹ ልጃቸው ትኩሳት ይዞት ፋኖስ አስይዘው ወደ ጓሮ ቢወጡ ቅጠሉ የረገፈ ደረቅ እንጨት ብቻ አገኙ። ልጁ በማግሥቱ ከሐኪም ዘንድ ተወስዶ ድኗል። ነገር ግን እመቤቲቱ የጻፉልን ቃል እንዲህ የሚል ነው፤ «ልጄ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፤ የእናቴ እጅ ሥራ በእኔ ዘመን በመድረቁ ግን ኀዘኔ አልወጣልኝም»።

ከዚህም አስከትለው አንድ ጥያቄ አቅርበውልናል። ከደጃቸው የመጣ አንድ ነጋዴ በወረቀት የታሸገ ዱቄት የመሰለ ነገር አሳይቶ፥ «በዚህ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ጀርሞች አሉ፤ ከአትክልቱ ሥር የተደረጉ እንደ ሆነ የውሃን ስፍራ ይተካሉ» አላቸው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። እንግዲህ ነገሩ እውነት ነውን? ወይስ የነጋዴ ወሬ ነው? ሲሉ ጠይቀውናል። እኛም ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ መሆኑን ስላወቅን መልሱን በዚህ ገጽ ለሁሉ እንዲሆን ማድረግን መርጠናል። መልሳችን በአጭሩ፥ ነገሩ እውነት አለበት፤ ነጋዴው ግን እውነቱን አልፎ ተናግሯል የሚል ነው። እውነቱ የት ደርሶ እንደሚቆም ደግሞ በቅደም ተከተል እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጀርም የሚለውን ስም በሰማን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታን ብቻ ነው። ይህ አሳብ ከፊሉ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። የእንጀራችንን ሊጥ የሚያቦካው እርሾ፥ ወተቱን እርጎ የሚያደርገው፥ ጠላውንም የሚያፈላው በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ሥራ ነው። ከእነዚህም ሊቃውንት ባክቴሪያ ብለው የሰየሟቸው ወገኖች በመሬት ውስጥ እጅግ ብዙዎች ናቸው። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጡ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ አትክልትን የሚጎዱ ናቸው፤ የሚበዙት የማይጎዱም የማይረዱም ናቸው፤ የቀሩት ግን ለአትክልቱ እንደ ታማኝ አሽከር የሚያገለግሉ ናቸው።

እነዚህ አገልጋዮች ደመወዝ የሌላቸው እንዳይመስለን። አትክልት በቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ሁሉ ለራሱ አያስቀረውም። ከፊሉን በሥሩ በኩል ወደ አፈሩ ያፈሰዋል። ረቂቃኑም ነፍሳት ይህንን ለመመገብ በሥሩ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ሎሬንስ ሂልትነር የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1904 ዓመት ይህን በሥር ዙሪያ ያለውን የተጨናነቀ መንደር ራይዞስፌር ብሎ ስም አወጣለት። በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ከሥሩ ራቅ ካለው አፈር ይልቅ ብዙ ነፍሳት የሚኖሩበት መሆኑ ከዚያ ወዲህ በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል።

የአገራችን ገበሬም ስሙን ባያውቀው ሥራውን ያውቀዋል። ባቄላ ወይም ሽምብራ በተዘራበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ቢዘራ ያማረ እንደሚሆን አባቶቻችን በልምድ ያገኙት ነው። የዚህን ምክንያት በጽሑፍ ያስረዱት ሄልሪጌልና ዊልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በ1886 ዓመት ናቸው። እነርሱም ባቄላን የመሰሉ እህሎች በሥራቸው ላይ ባሉት እብጠቶች አማካይነት ከአየሩ ናይትሮጅን የተባለውን ምግብ እንደሚያገኙ አስታወቁ። በ1888 ዓመት ባየሪንክ የሚባለው የሆላንድ ሊቅ በእብጠቶቹ ውስጥ የሚሠራውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣው። ወዲያውም በ1896 ዓመት ይኸው ባክቴሪያ ተዘጋጅቶ ለገበሬ ይሸጥ ጀመር። ስለዚህ ሕይወት ያለው ነገር አሽጎ መሸጥ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ንግድ ነው። በአገራችንም ለባቄላ፥ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር የሚሆን እየተዘጋጀ ለገበሬ የሚታደል አለ።

እንግዲህ ወደ ድርቁ ነገር እንመለስ። ውሃ የጎደለበት አትክልት መጀመሪያ የሚያደርገው በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ደጆች መዝጋት ነው። ይህም ውሃው ተንኖ እንዳያልቅ ነው። ደጁን ሲዘጋ ግን ምግብ የሚሠራበት አየር ደግሞ ይቀርበታል። ስለዚህ ጥማትና ረኀብ አብረው ይመጡበታል። ከዚህ በላይ ደግሞ በአትክልቱ ሰውነት ውስጥ ኤቲሊን የተባለ አየር ይበዛል። ይህ አየር በመጠኑ የሆነ እንደ ሆነ የሚጠቅም ነው። ጥሬ ሙዝ በገለባ ተከድኖ የሚበስለው በዚሁ አየር ኃይል ነው። በድርቅ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን ሥሩ ማደጉን እንዲያቆም፥ ቅጠሉም ጊዜው ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ እንዲረግፍ ያደርጋል። ነገሩ እንደ ደንጋጭ ዘበኛ ነው። ዘበኛ ሌባ ባየ ጊዜ መጮኹ መልካም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የጮኸ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡን እንቅልፍ ነሥቶ ከሌባው ይልቅ እርሱ ይጎዳል።

ረቂቃኑ ረዳቶች ጥቅማቸው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። አትክልቱ ኤቲሊንን የሚሠራው ኤሲሲ ከሚባል ሌላ ነገር ነው። በ1978 ዓመት ሆንማና ሺሞሙራ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ይህን ኤሲሲ የሚሰብር ኢንዛይም በመሬት ባክቴሪያ ውስጥ መኖሩን ገለጹ። በ1998 ዓመት ደግሞ በካናዳ አገር በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት በርናርድ ግሊክ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው የነገሩን አካሄድ አስረዱ። ይኸውም አትክልቱ ከኤሲሲው ከፊሉን በሥሩ በኩል ሲያወጣ በሥሩ ላይ የተቀመጠው ባክቴሪያ ተቀብሎ ይመገበዋል፤ ኤሲሲው ሲጎድል ኤቲሊኑም ይጎድላል፤ ኤቲሊኑ ሲጎድል ሥሩ ማደጉን ይቀጥላል፤ ያደገውም ሥር ወደ ታች ወርዶ ራቅ ያለውን እርጥበት ያገኛል ማለት ነው። የደነገጠውን ዘበኛ አፉን ይዞ የሚያረጋጋ ጓደኛ አገኘ እንደ ማለት ነው።

ሌሎችም ሥራዎች አሏቸው። አንዳንዶቹ እንደ ተልባ ዝልግልግ ያለ ነገር ከሰውነታቸው እያወጡ የአፈሩን ቅንጣት ከሥሩ ጋራ ያጣብቁታል፤ ይህም እርጥበቱ ፈጥኖ እንዳይሸሽ ይጠቅማል። አንዳንዶቹ ሥር እንዲበዛና እንዲቀጥን የሚያደርግ ቅመም ይሠራሉ። አንዳንዶቹም በአፈር ውስጥ ታስሮ የሚኖረውን ፎስፎር ፈትተው ለሥሩ ያቀርባሉ።

አሁን የነጋዴውን ቃል ለመመዘን የሚረዳ አንድ ምርመራ እንጠቅሳለን። በ2004 ዓመት ማያክ፥ ቲሮሽና ግሊክ የተባሉ ሊቃውንት በደቡብ እስራኤል አራባ ከሚባለው ደረቅ ምድር ያገኙትን አንድ ባክቴሪያ ለቲማቲምና ለቃሪያ ችግኝ ሰጥተው ውሃ ከለከሏቸው። ባክቴሪያ ያገኙት ችግኞች ካላገኙት ይልቅ ክብደታቸው በለጠ፤ በቲማቲሙም ውስጥ ኤቲሊኑ አነሰ። ነገር ግን ሊስተዋል የሚገባው ይህ ነው። ውሃ በተከለከሉበት ጊዜ ባክቴሪያ ያላቸውም የሌላቸውም በቅጠላቸው ያለው ውሃ እኩል ጎድሏል። ልዩነቱ የታየው ውሃ በተመለሰላቸው ጊዜ ነው፤ ባክቴሪያ ያላቸው ፈጥነው አገገሙ። ስለዚህ ባክቴሪያ የውሃን ስፍራ ይተካል የሚለው ነገር ሐሰት ነው። አትክልቱ ውሃ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሳይጎዳ እንዲቆይና ውሃው ሲመጣ እንዲነሣ ይረዳል ማለቱ ግን እውነት ነው። በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት በነጋዴና በሊቅ መካከል ያለውን ርቀት ያህላል።

ቲማቲምና ቃሪያ ምግብ ናቸው፤ በመድኃኒት አትክልት ላይስ ተሞክሯልን? ቢሉ፥ አዎን ተሞክሯል። በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት የሕንድ አገር ሊቃውንት ናቸው። በ2007 ዓመት ባሳተሙት ምርመራ ከማዳጋስካር የመጣችውንና በየአትክልት ስፍራው ስለ አበባዋ የምትተከለውን ቪንካ ወስደው ውሃ በጎደለበት መሬት ሱዶሞናስ ፍሉረሰንስ የተባለውን ባክቴሪያ ሰጧት። ከዚህች ተክል ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን የሚባሉ የካንሰር መድኃኒቶች የሚወጡ ስለ ሆነ ጥቅሟ ትልቅ ነው። ባክቴሪያውን ያገኘችው ተክል ድርቁ ካደረሰባት ጉዳት ከፊሉ ቀለለላት፤ አጅማሊሲን የተባለው ስለ ደም ዝውውር የሚፈለገው መድኃኒቷም በዛ። ጉዳቱ ከፊሉ ቀለለ እንጂ ሁሉ ጠፋ አለማለታችንን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ።

ለእኛ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2013 ዓመት የታተመው ነው። በሕንድ አገር በላክናው ከተማ ያለው የመድኃኒትና የሽቶ አትክልት ምርምር ተቋም ሊቃውንት የመረመሩት እኛው ከየወጥ ቤታችን የማናጣውን አብሽን ነው። አብሽ ከባቄላና ከምስር ወገን ስለ ሆነ በሥሩ ላይ እብጠት አበጅቶ ናይትሮጅን የሚያመጣለትን ባክቴሪያ ያኖራል። ከዚህም ሌላ ክር የመሰለ የመሬት ሻጋታ ከሥሩ ጋራ ተዋውሎ ውሃና ፎስፎር ያመጣለታል። ድርቅ ሲሆን ያ የበዛው ኤቲሊን እነዚህን ሁለቱን ወዳጆች ከደጁ ይመልሳቸዋል። ሊቃውንቱ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለውን ኤሲሲ የሚሰብረውን ባክቴሪያ ሦስተኛ አድርገው ቢጨምሩት ኤቲሊኑ ቀነሰ፤ እብጠቱም በዛ፤ ሻጋታውም በሥሩ ተስፋፋ፤ አብሹም በድርቁ ውስጥ የተሻለ ሆኖ አደገ። ከዚህ የምንማረው አንዱ ረዳት ብቻውን ከሚሠራ ይልቅ ለሌሎች ረዳቶች ደጅ ሲከፍት ጥቅሙ የበለጠ መሆኑን ነው። ይህ ነገር በሰው መካከልም ሆነ በመሥሪያ ቤት የታወቀ ነው።

ነገር ግን የመድኃኒት አትክልት ከጎመን የሚለይበትን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጎመን ቢበዛ ሰው ይጠግባል፤ መድኃኒት ግን የሚለካ ነገር ነው። አትክልት መጠነኛ ጥማት ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ያንሳል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቅመም ግን ይጠነክራል። ባክቴሪያም ቅመሙን ሊያበዛው እንደሚችል ከላይ ከቪንካዋ አይተናል። ስለዚህ በዝናሙ ጊዜ ሦስት ቅጠል እንጠቀም የነበርን ሰዎች በድርቁ ጊዜም ሦስት ቅጠል ያው ነው ብለን ልናምን አይገባንም። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ሴት አይገባም፤ በብዛት የተወሰደ እንደ ሆነ ፅንስን የሚጎዳ ነው። ፈሳሹም ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ያገኘው እንደ ሆነ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። አብሽም የደም ስኳርን የሚቀንስ ኃይል ስላለው የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብዝቶ ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ትኩሳት የያዘው ልጅም እመቤቲቱ እንዳደረጉት ወደ ሐኪም ይወሰድ። የጓሮ መድኃኒት ለሐኪም መንገድ መጠበቂያ እንጂ ለሐኪም ምትክ አይደለም።

እኛም በዚህ ጉዳይ ያገኘንን ስሕተት ለአንባቢዎቻችን ብንናገር ከማፈር ይልቅ ይጠቅማል ብለን እናስባለን። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአብሽ የሚሆን ባክቴሪያ በእሽግ አግኝተን በደስታ ወደ ቤት አመጣን። ነገር ግን ዘር የሚዘራበት ቀን አልደረሰም ነበርና እሽጉን ከመስኮት ላይ አስቀመጥነው። መስኮቱም የከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት ነው። ሦስት ሳምንት ቆይተን ዘሩን ለወስነው ዘራን። አብሹ በቀለ፤ ነገር ግን ካልተለወሰው ዘር ጋራ አንዳች ልዩነት አልታየም። እኛም መጀመሪያ ሻጩን ከሰስነው። በኋላ አንድ የእርሻ ትምህርት አዋቂ ወዳጃችን ነገሩን ሰምተው ሳቁና፥ «የገዛችሁት ዱቄት መስሏችሁ ነውን? ጫጩት ገዝታችሁ ከመስኮት ላይ ፀሐይ ብታስቀምጡ ኖሮ ማንን ትከሱ ነበር?» አሉን። እውነታቸውን ነው። እነዚህ ነፍሳት ሕያዋን ስለ ሆኑ ሙቀት፥ ፀሐይና መሰንበት ይገድላቸዋል።

እንግዲህ በቤቱ ይህን ለመሞከር ለሚወድ ሰው የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ከባክቴሪያው በፊት ቤታቸውን አዘጋጁላቸው። እንግዳ ጠርቶ ቤት አለማሰናዳት ነውር ነው። ደኅና ሆኖ የበሰበሰ ፍግና የቅጠል ብስባሽ ከመደቡ አፈር ጋራ ይቀላቀል። ጥሬ ፍግ ግን አይሁን፤ የመድኃኒት ቅጠል ሳይበስል የሚበላበት ጊዜ ስላለ በሽታ ያመጣል። አፈሩ ላይ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይነስነስበት፤ ይህም እርጥበቱ በፀሐይ እንዳይነጠቅ ከሁሉ የሚበልጥ ርካሽ ብልሃት ነው። እውነቱን ለመናገር ገለባና ብስባሽ ለመሬቱ የራሱን ነፍሳት ያፈሩለታል፤ ብዙ ቤት ከዚህ ሌላ መግዛት አያስፈልገውም ይሆናል።

ሁለተኛ፥ እሽግ የሚገዛ ሰው በላዩ የተጻፈውን ያንብብ። ለየትኛው አትክልት እንደ ተዘጋጀ፥ መቼ እንደ ተሠራና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ያልተጻፈበት እሽግ አይገዛ። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀው የሥር እብጠት ባክቴሪያ ለአብሽ አያገለግልም፤ እያንዳንዱ ከሚስማማው ጋራ ነው የሚኖረው። እሽጉም እስኪዘራ ድረስ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ስፍራ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፥ በሚዘራበት ቀን ዘሩ በጥላ ሥር ጥቂት ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ረጠብ ተደርጎ ከእሽጉ ጋራ ይለወስ። ዘሩ ሁሉ በእኩል ከተለወሰ በኋላ ወዲያው በእርጥብ አፈር ተዘርቶ ይከደን። ከዘሩ ጋራ አመድ፥ የተባይ መድኃኒት ወይም የፋብሪካ ማዳበሪያ አይቀላቀል። ይልቁንም ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ የአብሽን ሥር እብጠት እንዳያወጣ ሰነፍ ያደርገዋል፤ ከደጁ እህል የሚቀበል ሰው ወደ እርሻ እንደማይወጣ ነው።

አራተኛ፥ እሽግ ያጣ ሰው ከአሁን ቀደም አብሽ አምሮ ከበቀለበት ከራሱ መደብ ጥቂት አፈር ወስዶ በአዲሱ መደብ ይነስንስ። እሽግ ከመፈልሰፉ በፊት የአውሮፓ ገበሬዎችም ከአሮጌው እርሻ አፈር እየወሰዱ በአዲሱ ይነሰንሱ ነበር። ዳሩ ግን አፈር የሚጠቅመውን ብቻ ሳይሆን አረሙንና በሽታውንም ተሸክሞ ስለሚሄድ ከማይታወቅ ስፍራ አይወሰድ።

አምስተኛ፥ ሁለት መደብ ጎን ለጎን ይሠራ። አንዱ ባክቴሪያ ያለበት፥ ሁለተኛው የሌለበት ይሁን፤ ውሃው፥ ፍጉና ዘሩ ግን እኩል ይሁን። አብሹ ከበቀለ ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ከየመደቡ ሦስት ሦስት ተክል በጥንቃቄ ተነቅሎ ሥሩ ይታጠብ፤ እብጠቱም ይቆጠር። አንዱን እብጠት በምላጭ ቢሰነጥቁት ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ያለ የሆነ እንደ ሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሥራውን ትቷል ወይም አልጀመረም። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት መልካም ነው። በመጽሐፍ ያነበቡትን በጣታቸው ይዘው ያዩታልና፤ ቁጥሩንም በደብተር ይጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ነጋዴ ሲመጣ የቤቱ ደብተር ይመልስለታል።

በዚህ ሁሉ ሰው ተስፋውን በልኩ ያድርግ። በሊቃውንቱ ዕቃና በተመረጠ አፈር የተሳካው በሰፊው ሜዳ ሁልጊዜ አይሳካም። አዲስ የመጣው ባክቴሪያ ከአገሬው ነፍሳት ጋራ ስለ መብልና ስለ ስፍራ ይታገላል፤ ብዙ ጊዜም እንግዳው ይሸነፋል። ስለ አብሽና ስለ ቪንካ የተናገርነውንም ስለ ጤና አዳምና ስለ ዳማከሴ እንዲሁ ይሆናል ብለን አንምልም፤ አብሽ የባቄላ ወገን ነው፤ እነዚያ አይደሉም።

አሁን ወደ ጠያቂያችን እመቤት እንመለስ። ክብርት ሆይ፥ ነጋዴው የጠየቀዎትን ገንዘብ ለጊዜው ያቆዩት። ለዳማከሴው ተብሎ የተመሰከረለት እሽግ ካላሳየዎት የሚሸጥልዎ ተስፋን ነው። ይልቅስ በመጀመሪያ ወደዚያ ደረቅ ወደመሰለው እንጨት ይሂዱና ከግርጌው ልጡን በጥፍርዎ ጥቂት ይፋቁት። ከልጡ በታች አረንጓዴ ሆኖ ያገኙት እንደ ሆነ የእናትዎ እጅ ሥራ አልሞተም። የደረቀውን ጫፍ ያስቆርጡት፤ በግርጌው ብስባሽ ያስደርጉ፤ በላዩም ገለባ ያልብሱት፤ ከፀሐይም ጥላ ያድርጉለት።

ስለ ውሃው ደግሞ ከልጆች ጉሮሮ መንጠቅ አያሻም። ጎመንና እህል የታጠበበት፥ ሳሙና ያልገባበት ውሃ በየቀኑ ከወጥ ቤትዎ ይደፋል። ይህ ውሃ በአንድ እንስራ ተጠራቅሞ በማታ ከግርጌው ቀስ ተብሎ ቢፈስ ለአንድ ትንሽ መደብ ይበቃል። አዲስ ቅጠል ያወጣ እንደ ሆነ ከቅርንጫፉ ቆርጠው በሁለትና በሦስት ስፍራ ይትከሉ፤ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጓሮም አንዱን ያኑሩ። የአንድ ቤት ጉድጓድ ቢደርቅ የሌላው ይተርፋልና። ክረምቱ ሲያልፍ አብሹን ከላይ እንዳመለከትነው በሁለት መደብ ይሞክሩት፤ የሆነውንም ቢጽፉልን መልካም ሆኖ ቢገኝም ባይገኝም ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ልጡን ፍቀው አረንጓዴውን ያጡት እንደ ሆነ ግን እንዳይከፉ። እናትዎ ያወረሱዎት እንጨቱን ብቻ አይደለም፤ መትከሉንም አውርሰውዎታል። ዳማከሴ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ይገኛል። ውሃ በጎደለ ቀን ለልጆች መፍረድን፥ ፍርዱም ከተፈጸመ በኋላ ስለ ደረቀው ማዘንን የሚያውቅ ሰው ግን በየጓሮው አይገኝም። እንዲህ ያለች እመቤት ያለችበት ቤት መደቡ ለአንድ በጋ ቢደርቅ ለሁልጊዜ አይጠፋም።